ባለታሪኳ ማን ናት? ስለ ሰው መነገድ በተሠራ አንድ የድራማ ፊልም ዙሪያ የገጠመ ጉዳይ

ጉዳዩ ስለምን ይጻፋል

ይህ ጽሑፍ ከዓረብ አገር የተመለሰች የአንዲት ወጣት ሴት ታሪክ ወደ ድራማ ፊልም ሲለወጥ የገጠመውን ችግርና ችግሩን ለማስተካከል የተሄደበትን መንገድ ይመዘግባል። ፊልሙን የሠራው ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ መልኳን ከመቀየሯ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከሀገር ፍቅር ቴአትር ብዙም በማይርቅ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ የነበረው አነስተኛ የፊልም ቡድን ነው። እኔ በወቅቱ መሃል ከተማ በሚገኝ የተመላሽ ሴቶች መጠለያ የሥነ ልቦና አማካሪ ነበርኩ፤ ኋላም የፊልሙ አማካሪ ተብዬ ስሜ በመዝጊያው ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የማንንም ስም አልጠቅስም፤ የመጠለያውን ቦታም አልናገርም፤ ባለታሪኳን ሊያሳውቁ የሚችሉ ጥቂት ዝርዝሮችንም ሆን ብዬ ለውጫለሁ። ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ተነቦላት ሁለት ቦታ አሳርማኛለች።

በአማርኛ «ባለታሪክ» ስንል ታሪኩ የደረሰበትን ሰው ማለታችን ነው፤ ቃሉ ሲፈታ ግን የታሪኩ ባለቤት ማለት ነው። በዚህ ፊልም ላይ የተነሣው ጭቅጭቅ አብዛኛው በእነዚህ ሁለት ፍቺዎች መካከል የተነሣ ነበር።

የባለታሪኳ መንገድ

ባለታሪኳ አዲስ አበባ የመጣችው በ14 ዓመቷ ነው። ያመጣቻት የእናቷ ቡና አጣጭ የሆነች ጎረቤት ስትሆን፣ የተነገራትም ዘመድ ቤት ሆና ትምህርት እንደምትቀጥል ነበር። ከአውቶቡስ ተራ በቀጥታ የተወሰደችው ግን ወደማታውቀው ሰው ቤት ነው፤ እዚያም አምስት ዓመት ያህል ልጅ ስታዝል፣ እንጀራ ስትጋግርና ልብስ ስታጥብ ቆየች። ደመወዟ ይከፈል የነበረው ለእሷ ሳይሆን ላመጣቻት ሴት ነበር።

በ19 ዓመቷ ያችው ሴት «ውጭ ብትሄጂ ይሻልሻል» አለቻት። ጊዜው መንግሥት ዜጎች ለሥራ ወደ ዓረብ አገራት እንዳይጓዙ ከ2006 እስከ 2010 ዓ.ም ያገደበት ነበር። እገዳው ጉዞውን አላስቆመውም፤ ከአውሮፕላን ጣቢያ አንሥቶ ወደ መተማ፣ ወደ ሞያሌና ወደ ጅቡቲ አቅጣጫዎች አዞረው እንጂ። ባለታሪኳም በመተማ ሱዳን ገብታ፣ ከካርቱም በአውሮፕላን ተሳፈረች። በደረሰችበት አገር የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ስም የታሰረበት፣ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየር የማይቻልበት የከፋላ ሥርዓት ጠበቃት። ፓስፖርቷን ማዳሟ በመጀመሪያው ቀን ወሰደችባት። የአሥራ አንድ ወር ደመወዝ አልተከፈላትም፤ ክንዷ በካውያ ተቃጥሏል፤ ሌላም ያላስፈቀደችኝና የማልጽፈው ነገር ደርሶባታል። ከቤቱ ጠፍታ፣ ታስራ፣ በመጨረሻ ፓስፖርት ለሌለው ሰው በሚሰጠው የመመለሻ ሰነድ፣ በሊሴ ፓሴ፣ ወደ አገሯ ተመለሰች። ቦሌ ስትደርስ የያዘችው አንድ ፌስታል ነበር።

የፊልሙ የመጀመሪያ ጽሑፍና ግድፈቶቹ

የፊልሙ ዳይሬክተር ወደ መጠለያው የመጣው በቅን ልቦና ነው፤ ይህን መናገር ይገባኛል። «ሲስተር፣ እውነተኛ ታሪክ ስጡኝና ወላጆች ልጆቻቸውን ከመላክ የሚያስቆም ፊልም ልሥራ» አለኝ። ነርስ አይደለሁም፤ መጠለያ ውስጥ የሚሠሩ ሴቶችን ሁሉ እንዲህ ይጠሩ ስለነበር አላረምኩትም። የመጠለያው ኃላፊ ብታመነታም፣ ፊልሙን ይደግፍ የነበረው በጎ አድራጎት ድርጅት መጠለያውንም ስለሚደግፍ በግልጽ እንቢ ማለት ከበዳት። ባለታሪኳ ፈቃደኛ ሆና ራሷን አቀረበች። ዳይሬክተሩ አንድ ካፌ ውስጥ አራት ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ ጠየቃት፤ በስልኩም ቀረጻት። በዚያ ቀን አብሬያት አልነበርኩም። በወቅቱ መናገር በራሱ ያሽራል የሚል እምነት ስለነበረኝ፣ አብሬያት መሆን እንዳለብኝ እንኳ አልታሰበኝም።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ሲደርሰኝ ሦስት ነገሮች አሳሰቡኝ።

አንደኛው የሕግ ጉዳይ ነው። ጽሑፉ ወንጀሉን የሚያስጀምረው ልጅቷ ድንበር ስትሻገር ነበር። በአገራችን አሁን በሥራ ላይ ያለው፣ አዋጅ ቁጥር 909/2007ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ግን በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ለያይቶ ነው የሚያያቸው። የመጀመሪያው መሠረቱ ብዝበዛ ነው፤ ድንበር መሻገርን አይጠይቅም። በ2000 እ.ኤ.አ. የጸደቀው፣ በሰው መነገድን የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት የፓሌርሞ ፕሮቶኮልም ተጎጂው ሕፃን ከሆነ ማታለል ወይም ማስገደድ መኖሩ ባይረጋገጥ እንኳ ድርጊቱን በሰው መነገድ ይለዋል። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ባለታሪኳ ካርቱምን ከማየቷ ከአምስት ዓመት በፊት፣ አውቶቡስ ተራ ላይ ነው የተነገደባት። ጽሑፉ ይህን የሕይወቷን ክፍል «በከተማ የተማረችባቸው ዓመታት» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎት ነበር።

ሁለተኛው የደላላዋ መልክ ነው። በጽሑፉ ላይ ደላላው ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ባለ መኪና፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ወንድ ነበር። ጽሑፉን በመጠለያው ውስጥ ላሉ ሴቶች ስናነብላቸው አንዷ ሳቀች። «የእኔ ደላላ መነጽር አልነበራትም፤ ክርስትና እናቴ ነበረች» አለች። ሌሎቹም በየተራ አክስት፣ የሠፈር ሰው፣ ቀድማ ሄዳ የተመለሰች ጓደኛ ጠቀሱ። መነጽር ያደረገውን ሰው የሚጠብቅ ወላጅ ቡና የምትጠጣውን ሴት አይጠራጠርም።

ሦስተኛው መጨረሻው ነው። ፊልሙ የሚያልቀው ቦሌ ላይ፣ እናትና ልጅ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ነበር። ይህ ትዕይንት ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም። በ2006 ዓ.ም በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ በየቤታችን ቴሌቪዥን ላይ ያየነው እሱን ነው። ካሜራው ከቦሌ አልፎ አልሄደም፤ የባለታሪኳ ሌላው ችግር የጀመረው ግን ከቦሌ በኋላ ነው። ለመንገዷ የተበደረው ገንዘብ ወለዱ አድጓል፤ መጀመሪያ ላይ በላከችው ገንዘብ ወንድሟ ባጃጅ ገዝቷል፣ ባጃጁም በእሱ ስም ነው፤ የሠፈሩ ሰው ደግሞ «ባዶ እጇን መጣች» ይላል። እናቷ አቅፋ ተቀበለቻት፤ በሳምንቱ ግን «መቼ ትመለሻለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ሦስቱን ሐሳቦች በጽሑፍ አቀረብኩ። ዳይሬክተሩ የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ተቀበለ፤ ደላላው ሴት ሆነች። ሦስተኛውን «ተመልካች ተስፋ ይፈልጋል» በሚል አልተቀበለም። እኔም አልገፋሁበትም።

የሙከራ ዕይታው ቀን

ፊልሙ ተቀርጾና ተቀናብሮ ካለቀ በኋላ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ በሚገኝ አነስተኛ አዳራሽ ለአርባ ያህል ተጋባዦች ታየ። ባለታሪኳና አራት ሌሎች የመጠለያው ሴቶች ፊት ለፊት፣ የክብር ቦታ ላይ ተቀመጡ። ይህ ራሱ ስህተት ነበር፤ ከዚያ ቦታ ሰው ሳያይ ተነሥቶ መውጣት አይቻልም።

የካውያው ትዕይንት ሲመጣ ባለታሪኳ ተነሥታ ወጣች። ደረጃው ላይ አገኘኋት፤ ላብ አጥምቋታል፣ ዓይኖቿ ክፍት ናቸው፣ ስጠራት ግን አትሰማም። የደረሰባትን እያስታወሰች አልነበረም፤ ተመልሳ እዚያው ቤት ውስጥ ነበረች። ጫማዋን አስወልቄ እግሯን ከቀዝቃዛው ሲሚንቶ ጋር አገናኘሁት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ዛሬ ቅዳሜ መሆኑን፣ ፒያሳ መሆናችንን፣ በሩ ክፍት መሆኑን ደጋገምኩላት፤ የምታያቸውን ነገሮች አንድ በአንድ እንድትጠራልኝም ጠየቅኋት። ወደ ራሷ ለመመለስ ሃያ ደቂቃ ያህል ወሰደባት።

ሌላዋ ሴት የታወከችው ደግሞ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው። አዘጋጆቹ እንግዳ ለማክበር ብለው መተላለፊያው ላይ ቡና አፍልተው፣ ዕጣን አጭሰው ነበር። ለእኛ ዕጣን የቤት ሽታ ነው፤ እሷ ግን ያገለገለችበት ቤት ጠዋትና ማታ በጭስ ይታጠን ስለነበር ሽታው ማጅራቷን ያዛት። በሙያዬ ብዙ ዓመት ብቆይም ይህ በሐሳቤ አልመጣም ነበር።

ትልቁ ችግር የመጣው ግን ከቀናት በኋላ ነው። ከተጋባዦቹ አንዱ የባለታሪኳ አገር ሰው ኖሯል። ስሟ ቢቀየርም ባጃጁን፣ በላከችው ገንዘብ የተሠራውን ሰማያዊ የቆርቆሮ በርና የክንዷን ጠባሳ አይቶ አወቃት። ሳምንት ሳይሞላ እናቷ ዘንድ «ልጅሽ ፊልም ሠራች፤ እገሊትንም ደላላ አለቻት» የሚል ወሬ ደረሰ። ደላላዋ ዛሬም እዚያው ሠፈር፣ በዚያው እድር ውስጥ ናት። ቤተሰቦቿ ወደ እናቷ ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹ በትሕትና ተናገሩ፤ የያዙት መልእክት ግን ማስፈራሪያ ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በመጀመሪያ የፊልሙ ምረቃ ላልተወሰነ ጊዜ እንዲዘገይ ተጠየቀ። ዳይሬክተሩ ለአዳራሽ ያስያዘው ገንዘብ ስለሚቀር አንገራገረ፤ ፈርማለች ሲልም ተከራከረ። እውነት ነው፣ ፈርማለች። የፈረመችው ግን በሕግ ቋንቋ የተጻፈ፣ «በማናቸውም መልኩና ለዘለዓለም» የሚል፣ ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት አንብባ ልትረዳው የማትችለው አንድ ገጽ ነው። ያሳመነው የእኔ ክርክር ሳይሆን የራሱ ሙያ ታሪክ ይመስለኛል። በ2006 ዓ.ም መጨረሻ «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም አዲስ አበባ ውስጥ ሊመረቅ ሲል፣ መነሻ የሆነው ታሪክ ባለቤት ባነሣችው ጥያቄ የተነሣ በፍርድ ቤት እግድ መቋረጡን የከተማችን ፊልም ሠሪ ሁሉ ያስታውሳል። ያን ባነሣሁ ጊዜ ዝም አለ፤ በማግሥቱም ምረቃውን አዘገየ።

ቀጥሎ ባለታሪኳ፣ እሷ ራሷ የመረጠቻት ታላቅ እህቷ፣ ዳይሬክተሩ፣ የጽሑፉ ደራሲና እኔ ተሰበሰብን። ለስብሰባው መነሻ ያደረግነው የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. የተነገደባቸውን ሴቶች ለሚያነጋግሩ ሰዎች ያወጣቸውን አሥር የሥነ ምግባርና የደኅንነት መርሆች ነው። የመጀመሪያው መርሕ ጉዳት አታድርስ የሚል ሲሆን፣ ሌሎቹ ማንነትን መደበቅን፣ ተረድቶ መስማማትንና ድንገተኛ ችግር ሲመጣ ዝግጁ መሆንን ይጠይቃሉ። ካፌው ውስጥ ከተደረገው ጋር ስናስተያየው ያልጣስነውን ለማግኘት ተቸገርን።

አዲስ የስምምነት ወረቀት በተራ አማርኛ ተጻፈ፤ ጮክ ተብሎም ተነበበ። ዋናው ለውጥ አንድ አንቀጽ ነው፤ የመጨረሻው ቅጂ እስኪዘጋ ድረስ ሐሳቧን የመቀየር መብት አላት፤ ምክንያት እንድታቀርብም አትጠየቅም። ከዚያ ምን እንዲወጣ እንደምትፈልግ ተጠየቀች። ባጃጁ፣ በሩ፣ ጠባሳው እንዲቀየሩና አንድ ሌላ ትዕይንት ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ አለች። ዳይሬክተሩን ያስገረመው ግን እንዲገባ የፈለገችው ነገር ነው። ዋናዋ ተዋናይት ለጎረቤቶቿ «አታልቅሱልኝ፤ ደመወዜን አስመልሱልኝ» እንድትል ፈለገች። ዳይሬክተሩ ይህ ተመልካችን ያስቀይማል ብሎ ሠጋ። እህቷ ቀበል አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ያስቀይማል እንጂ! እኛስ ተቀይመን የለ?» አለችው። ንግግሩ ገባ።

የገጸ ባሕርይዋ ታሪክም ከአንዲት ሴት ታሪክነት ወጥቶ ከስድስት ሴቶች የቡድን ውይይት እንደገና ተቀነባበረ፤ ማንም «ይቺ እገሌ ናት» እንዳይል። የካውያው ትዕይንት ተቆርጦ በቦታው የተዘጋ በርና ከበሩ ኋላ የሚሰማው ጸጥታ ብቻ ቀረ። ሃያ ደቂቃ ያህል አዲስ ቀረጻ ተጨመረ፤ ፊልሙ ከቦሌ ወጥቶ ወደ ቤት ገባ። እዳው፣ የወንድምየው ፊት መክበድ፣ ሌሊት መብራት ሳያጠፉ መተኛት፣ የእናትየው «መቼ ትመለሻለሽ?» ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

ለዕይታም ደንብ ወጣ። የመጠለያ ሴቶች አስቀድሞ የትዕይንቶቹ ቅደም ተከተል ይነገራቸዋል፤ በር አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ጸጥ ያለ ክፍልና ሁለት አማካሪዎች ይኖራሉ፤ መድረክ ላይ አይጠሩም፤ ዕጣን አይጨስም።

የተሳካውና ያልተሳካው

የተሻሻለው ፊልም በወረዳ አዳራሾች ለወላጆች ሲታይ፣ የመነጽሩ ሰውዬ መቅረት ምን ያህል እንደጠቀመ ታየ። አራት ኪሎ አካባቢ በተደረገ ዕይታ አንዲት እናት ከፊልሙ በኋላ ወደ እኔ መጥታ፣ ድምጿን ቀንሳ፣ ስለ አንዲት ጎረቤቷ ጠየቀችኝ። የመጀመሪያው ቅጂ ይህን ጥያቄ ሊያስነሣ አይችልም ነበር። ባለታሪኳም የመጨረሻውን ቅጂ ከእህቷ ጋር ሁለታቸው ብቻ ሆነው አይተውት፣ ከሁለት ቀን በኋላ ፈረመች።

ሌላው እንዲህ አልተቃናም። ፊልም ቡድኑ ሊክሳት ፈልጎ በአልባሳት ክፍል ሥራ ሰጣት፤ በመጀመሪያው ጠዋት የተዋናዮቹን ልብስ እንድትተኩስ ካውያ አስያዟት። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ማንም ግን አላሰበም። መጠለያውም ከዚህ የተሻለ አልነበረም፤ ለአምስት ዓመት በሰው ማድቤት ለኖረች ሴት ያቀረበላት ሥልጠና የምግብ ዝግጅት ነበር። ኋላ ወደ ዕቃ ግዥ ተዛወረች፤ መርካቶ ገብታ ዋጋ በማስቀነስ በቡድኑ ውስጥ የሚያህላት አልነበረም።

የተከፈላት ገንዘብም በአንድ ጊዜ ስለተሰጣት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ወደ ወንድሟ እጅ ሄደ። በየወሩ ተከፋፍሎ፣ በራሷ የባንክ ሒሳብ ቢገባ ይሻል ነበር።

በደላላዋ ላይ የቀረበው አቤቱታ ምስክር በመጥፋቱ ወደፊት አልሄደም። በሰው መነገድ በሽማግሌ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ምስክሮቹን አስቀድመው አነጋግረዋቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ በአንድ ዕይታ ላይ የቀረበ ጥያቄ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የምትመስል ልጅ፣ «እሺ፣ በሕጋዊው መንገድ ብሄድስ?» አለች። መልስ አልነበረንም። ፊልሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ «አትሂጂ» ይላል፤ ቤቷ ውስጥ ያለው ችግር ደግሞ «ሂጂ» ይላታል። በወቅቱ የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን ይገዛ የነበረው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ የሚሄድ ሰው 18 ዓመት የሞላው እንዲሆን፣ ስምሪቱም ስምምነት ወዳለበት አገር እንዲሆን፣ የቪዛውንና የመጓጓዣውን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ይደነግግ ነበር። ይህን ብቻ ያወቀች ልጅ፣ «ለቪዛ ይህን ያህል አምጪ» የሚላትን ሰው ቢያንስ በጥርጣሬ ታየዋለች። ከዚያ በኋላ ይህንኑ የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅተን በየዕይታው አደልን፤ ያቺን ልጅ ግን ዳግም አላገኘናትም።

ወደ ሌላ ሥራ ሊወሰድ የሚችለው

ተመሳሳይ ፊልም፣ ቴአትር ወይም የሬዲዮ ድራማ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት የአንዲትን ሴት ታሪክ ለምን እንደፈለገ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው። «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚለው ጽሑፍ ተመልካች ይስባል፤ አደጋው የሚወድቀው ግን በፖስተሩ ላይ ሳይሆን በሴትየዋ ላይ ነው። ከብዙ ሰዎች የተቀነባበረ ታሪክ እውነትነቱ አይጎድልም፤ የእኛው የቡድን ውይይት እንዳሳየው እንዲያውም ይሰፋል።

ስም መቀየር ማንነትን መደበቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ሰው ባያውቃት እንኳ የአገሯ ሰው በበሯ ቀለም ያውቃታል። ስለዚህ ጽሑፉ ከቀረጻ በፊት «የሠፈሯ ሰው ቢያየው በምን ያውቃታል?» በሚል ጥያቄ ብቻ አንድ ጊዜ መነበብ አለበት፤ ይህን ንባብ ደግሞ ከእሷ በተሻለ የሚያነብ የለም። በእኛ ጉዳይ ይህ ከሁለት ሰዓት በላይ የማይወስድ ሥራ ሳይሠራ በመቅረቱ ሃያ ደቂቃ ቀረጻ፣ የአዳራሽ ገንዘብና የአንዲት እናት ሰላም አስከፍሏል።

አማካሪ ሆኖ የሚገባ ባለሙያም ሥራው የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ እንጂ ከጽሑፉ ንባብ አይደለም። ቃለ መጠይቁ አጫጭር በሆኑ ቀናት ቢከፋፈል፣ ጥያቄዎቹ አስቀድመው ቢታወቁ፣ ስለ ጥቃቱ ዝርዝር ጭራሹን ባይጠየቅ፣ የተቀረጸውም ድምፅ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ በጽሑፍ ቢሰፍር፣ እኛ በኋላ የሮጥንበት ብዙው ነገር አይፈጠርም ነበር። የካፌው ቅጂ ከዳይሬክተሩ ስልክ የጠፋው ፊልሙ ከተመረቀ በኋላ ነው፤ ያጠፋችውም ስልኩን ተቀብላ፣ እኛ ባለንበት፣ ባለታሪኳ ራሷ ናት።